የሰሙትን ይጻፉ

ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ደብተር ያስገዛችኝ ባሕር ዳር ያለችው የጆሮ ባለሙያ ናት። «አባባ፣ በየቀኑ የሰሙትን ይጻፉ። የቱ ድምፅ እንደጎላብዎ፣ የቱ እንደጠፋብዎ። ተመልሰው ሲመጡ እሱን አይቼ አስተካክለዋለሁ» አለችኝ። ሁለቱን የጆሮ መስሚያዎች የገዛችልኝ ልጄ ኤሌኒ ናት። ዓረብ አገር ሦስት ዓመት የሰው ቤት ጠርጋ ባመጣችው ነው። እምቢ ብላት ታለቅስብኛለች ብዬ እሺ አልኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ደብረ ታቦር ላይ በናፍጣ ወፍጮ እህል ስፈጭ ኖሬያለሁ። ጆሮዬን የበላው እሱ ነው። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ የሴት ድምፅ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ሰው አያሌው ትዕግሥተኛ ነው ይላል። የሰደበኝን ካልሰማሁ ምኑ ያናድደኛል? በዚሁ ትዕግሥት ሽማግሌ ተብዬ ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ሦስት ቦታ ቆሞ ተፈተሽን። ዘፈኑ፣ ጥሩምባው፣ የረዳቱ ጩኸት፣ የሕፃን ልቅሶ፣ ሁሉም እኩል ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ወረታ ስንደርስ ነቅዬ ኪሴ ከተትኳቸው። ባለሙያዋ ግን አስጠንቅቃኛለች። «የመጀመሪያዎቹ ወራት ጆሮዎ ያታልልዎታል። ቅርቡ ሩቅ፣ አንዱ ሌላ ይመስልዎታል» ብላለች።

ታኅሣሥ 5

ግቢያችን ውስጥ በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ሁለት ቤቶች አሉ። በአንዱ እኔ ብቻዬን እኖራለሁ። በሌላው የሟቹ ወንድሜ የፋንታው ሚስት ዝናሽና ልጇ ዋልልኝ አሉ። ዋልልኝ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል። ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ከወለድኩት አይለይም።

ጠዋት መስሚያዎቹን አድርጌ፣ የሱፍ ኮፍያዬን ከላይ ደፍቼ ወጣሁ። ዝናሽ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ እየሳቀችልኝ ለልጇ «ልብሳቸው ሸቷል፤ አውልቁ ብዬ እንዴት እንደምላቸው ጨነቀኝ» አለች። ከዚያ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ በጩኸት «አያ፣ ይሰማዎታል?» አለችኝ።

አፈርኩ። ሰማሁ ብል የቅድሙንም መስማቴን ልታውቅ ነው። «ያፏጫል እንጂ ምኑ ይሰማል!» አልኳት። ዋልልኝ ሳቀና «የኤሌኒ ልፋት ገደል ገባ» አለ። ትንሽ ውሸት ናት፤ ሰሞኑን አስተካክላታለሁ። ልብሴን ራሴ አጠብኩት።

ታኅሣሥ 9

የሰማሁት። የበሩ ማጠፊያ። ፀሐይ ሲያርፍበት ቆርቆሮው ሲንጣጣ፤ ይህን ፈጽሞ ረስቼው ነበር። የዝናሽ ሳል፤ ብዙ ታስላለች። ተኩስ፣ ጠዋት ሁለቴ፣ ከሰዓት በኋላ ብዙ። ድሮ ተኩስ መኖሩን የማውቀው ሰው ሲሮጥ አይቼ ነበር።

የግቢያችን ውሻ አጠገቤ ሲጮህ ጭንቅላቴ የተፈለጠ መሰለኝ። በዱላ መታሁት። የፊት እግሩ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አልነበርኩም። ወይ ነበርኩና ምክንያት አጥቼ ኖሬያለሁ።

ታኅሣሥ 15

አውራ ጣቴ በጨርቅ ታስሮ ነው የምጽፈው።

ዋልልኝና ጓደኛው ማሬ ግቢ ውስጥ ባጃጁን ገልብጠው ጎማ ይፈቱ ነበር። እኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ከአሮጌ ጎማ የጫማ ሶል እቆርጣለሁ። ሁለቱም እኔ ፊት የሚያወሩት ግድግዳ ፊት እንደሚያወራ ሰው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ወንድሜን ፋንታውን የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የገደለው ባዩ ነው። ከአንበሳሜ ወዲያ የትውልድ ቀያችን ላይ፣ በእርሻ ድንበር ተጣልተው፣ በሬ ጠምዶ ሳለ ከኋላው ተኮሰበት። ባዩ ሰባት ዓመት ታስሮ ወጣ። የዛሬ አምስት ዓመት ሽማግሎች ደም ለማድረቅ ሰበሰቡን። በአገራችን ደንብ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፣ ይንበረከካል፣ ሦስት ጊዜ ማሩኝ ይላል። ከሟች ወገን ታላቁ ይቅር ለእግዚአብሔር ካለ ነገሩ አለቀ። ታላቁ እኔ ነበርኩ። ባዩ ሲንበረከክ አየሁት። ከንፈሩ ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ በክርኑ ነካ አደረገኝ። ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ፣ አለቀስኩም።

ዛሬ ማሬ «የእውነት ማሩኝ አላለም?» ብሎ ጠየቀ።

«ከጎኑ ነበርኩ» አለ ዋልልኝ። «‹ለደንቆሮ ምን ይባላል› ነው ያለው። ሦስቴም እሱኑ። ሽማግሎቹ ሰምተዋል። አንደኛው ሳቁ መጥቶበት አፉን በጋቢው ሸፈነ።»

«እናትህስ?»

«ሴቶቹ ከአጥር ውጪ ነበሩ። በኋላ ነው የነገርኳት።»

«ለጋሼስ ለምን አልነገርካቸውም?»

«በአደባባይ ምሬያለሁ ያለ ሽማግሌ ምን ብሎ ይመለሳል? ደግሞ ለእሳቸው ለመንገር መጮህ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ተወው፣ እኔው እጨርሰዋለሁ።»

ቢላዋው አውራ ጣቴን እስከ አጥንቱ ቆረጠው። ሮጠው መጡ። ዋልልኝ ሸሚዙን ቀዶ አሰረልኝ፤ «ቀስ በሉ እንጂ ጋሼ!» እያለ ይጮህብኛል።

ባዩን እፈልገዋለሁ። አንገቱን በእነዚህ እጆቼ ይዤ፣ ያችን ቃል ከጉሮሮው ማውጣት እፈልጋለሁ። ስድሳ ስድስት ዓመት ኖሬ እንዲህ ጠልቼ አላውቅም።

ባለሙያዋ ግን ጆሮዎ ያታልልዎታል ብላለች። ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ ሌላ ነገር አውርተው ይሆናል።

ታኅሣሥ 16

መስሚያዎቹን አላደረግኋቸውም። ጆሮዬን ያሳክከኛል።

ታኅሣሥ 17

ዛሬም ያሳክከኛል።

ታኅሣሥ 22

ልቅሶ ቤት ነበርኩ፤ መስሚያዎቹን አድርጌ ሄድኩ። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ «ይህ አያሌው ነው፣ የወንድሙን ደም በባዶ ከንፈር የሸጠው» አለ። ሌላው «ይብላኝ ለዚያ ልጅ፣ ወንድ ካልሆነ» አለ። ዞር ስል ሁለቱም በአክብሮት ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እንዲሁ የሚባል ይመስለኝ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ አገር እየሳቀብኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ሄጃለሁ። ሠርግ ላይ አስመርቀውኛል።

ያ በክርኑ የነካኝ ሽማግሌ ሊሰናበተኝ እጁን ዘረጋ። እጁን ይዤ ጨመቅሁት። አጥንቱ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ሲያቃስት ሰማሁ። ፊቴን ፈገግ አድርጌ «ደህና ይክረሙ» እያልኩ እንደገና ጨመቅሁት። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ቤቴ እስክደርስ አልለቀቀኝም።

ታኅሣሥ 29፣ የገና ዕለት

በጉን ያረደው ዋልልኝ ነው። የበግ ጉሮሮ ሲቆረጥ አየር የሚስብበት ድምፅ አለ፤ እንደ ሰው ነው። ከዚህ በፊት ስንት በግ አርጄ ይህን አልሰማሁም። ዋልልኝ ቢላዋውን በበጉ ጸጉር ላይ እየጠረገ ለማሬ «ባዩም እንዲህ ነው የሚያሰማው» አለው። ተሳሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደንቆሮ ሰው ሲስቅ አይቶ ይስቃል፤ ልማድ ነው።

ልጁን ለብቻው ጠርቼ መናገር አለብኝ። በዓል ነው፤ ዛሬ አይሆንም።

ጥር 4

ከምሳ በኋላ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጋደም ብዬ ነበር። መስሚያዎቹ ጆሮዬ ላይ ናቸው። የሰው እግር ገባ። ከምስማሩ ላይ ቁልፍ ወረደ። ሳጥኑ ተከፈተ። ጨርቅ ተፈታ። ከዚያ የብረት ድምፅ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው የፋንታው ምንሽርና አምስት ጥይት ነው። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ አልተነካም። ጥይቶቹን አንድ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ርጥበት ገብቷቸው አረንጓዴ አውጥተዋል።

አልዞርኩም። የጤፍ ማስቀመጫው በርሜል ክዳን ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮ ሁሉ ድምፁ አንድ ነው። ተነስቼ ሳጥኑን አላየሁም፤ ወገቤን አሞኛል።

ጥር 7

አሁን ሁሉንም አውቃለሁ። ጥር 17 ባዩ እህል ይዞ አንበሳሜ ገበያ ይወጣል። ማሬና ዋልልኝ በዋዜማው በእግር በገጠር በኩል ይሄዳሉ፤ ምንሽሩን በሰሌን ጠቅልለው። በመኪና መንገድ ፍተሻ አለ።

ለዝናሽ ልንገራት? እስከ ዛሬ ስሰማ እንደከረምኩ ልታውቅ ነው። ለንስሐ አባቴ? እሳቸው ዋልልኝን ጠርተው ይገስጹታል፣ እሱም ማን ነገረብኝ ይላል። ልጁን ራሱን? «ሰምቼሃለሁ» ካልኩት በኋላ «ሂድ» ወይም «ቅር» ማለት አለብኝ። ሦስተኛ ቃል የለም።

አንድ እውነት እዚህ ላይ ልጻፍ፣ ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። ባዩ ቢሞት አላዝንም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ታቦቱ ሲወጣ ጎረምሶቹ ዱላቸውን እያጋጩ ይጨፍራሉ። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች ተጋጭተው አንዱ ግንባሩ ተፈነከተ፤ ደሙ ነጭ ልብሱን አበላሸው። ዋልልኝ መሐል ገብቶ ፎከረ። የአባቱን ስም ጠራ። «የፋንታው ልጅ!» ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

አባቱን ነው የመሰለኝ። ኮራሁበት፤ መዋሸት አልችልም።

ጥር 16

ዋልልኝ ጠዋት በድንግዝግዝ ሳለ ገባ። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጋቢዬን እለብሳለሁ። መስሚያዎቹ ከኮፍያዬ ሥር ናቸው። ተንበርክኮ ጉልበቴን ሳመና ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው «ጋሼ፣ የአባቴን ደም ልመልስ ነው። ከእንግዲህ ማንም አይስቅብዎትም» አለ።

ሰው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስልኝ የምመልሳት አንዲት ቃል አለችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለገበሬውም ለነጋዴውም ለሁሉም እሷኑ ነው የምለው። «ይቅናህ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ወጣ። ልማድ ነው ያናገረኝ። እንደ ሁልጊዜው ነው ያልኩት።

ከሰዓት በኋላ። ገና ጊዜ አለ። ስልክ አለ፣ ዝናሽ አለች፣ አንበሳሜ ዘመድ አለ። ለዝናሽ ልነግራት ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጃለሁ። አንዴ ልብስ ታጥባለች። አንዴ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች፤ ምን እንደሆነች አልጠየቅኋትም።

ጥር 17

መናኸሪያ ሄድኩ። መኪና የለም፤ መንገድ ተዘግቷል። ተኩስ አለ፣ ተመለሱ አሉን። በእግሬ ጀመርኩ። ከከተማው ጫፍ አላለፍኩም። ጉልበቴ ነው፤ ጉልበቴ እምቢ አለ።

ስድስት ሰዓት። ምንም የለም።

ስምንት ሰዓት። ምንም።

ዘጠኝ ሰዓት። የዝናሽ ስልክ ጠራ።

ማታ። ስልኳ ማዳመጫው ተበላሽቶ በድምፅ ማጉያው ብቻ ነው የሚሠራው። በግድግዳው በኩል እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። ማሬ ነው፣ ያለቅሳል።

«እማማ፣ ጥይቱ እምቢ አለ። ከኋላው ደርሶ ሳበ፣ እምቢ አለ። ደግሞ አጉርሶ ሳበ፣ እምቢ አለ። ባዩ ድምፁን ሰምቶ ዞረ። መጥረቢያ ይዞ ነበር፣ ሊሸጠው ያመጣው አዲስ መጥረቢያ። አንድ ጊዜ ትከሻውን። ዋልልኝ እጁን አነሳ፣ እጁንም። ከወደቀ በኋላም አልተወውም፣ እማማ። ገበያው እያየ። እኔ ሮጥኩ። ሮጥኩ፣ ይቅር በሉኝ።»

ዝናሽ ጮኸች። ይህን ጩኸት እንዴት ብዬ ልጻፈው? ጎረቤቱ ሁሉ ግቢውን እስኪሞላው ድረስ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰው መጥቶ በምልክት እስኪነግረኝ ጠበቅሁ። አንገቱን በእጁ እየቆረጠ አሳየኝ። ያን ጊዜ ተነስቼ ጮህኩ።

ጥር 18

ቀበርነው። ከአባቱ ጎን። ፊቱን ለእናቱ አላሳዩአትም፤ እኔ አይቻለሁ።

ጥር 20

ፖሊሶች መጡ። ባዩ ያን ዕለት ወደ ቆላ ወርዷል፣ አልተያዘም። አንዱ ጆሮዬ ላይ ተደፍቶ «ልጁ ሲዶልት አልሰሙም?» ብሎ ጮኸ። መስሚያዎቹ ኪሴ ውስጥ ነበሩ፤ ሲገቡ አይቼ ነው ያወጣኋቸው። እንዲያም ሆኖ ሰማሁት፤ እንደዚያ ነው የጮኸው። ራሴን ነቀነቅሁ። ጎረቤት «እሳቸው ምኑን ይሰማሉ፣ ተዋቸው» አለልኝ። ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

የካቲት 3

የዛሬ ሳምንት፣ ልቅሶ ደራሹ ከተበተነ በኋላ፣ ዝናሽ መጥታ አጠገቤ፣ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ፊቴን አላየችም። ውሻው እያነከሰ መጥቶ እግሯ ሥር ተኛ። ከዚያ በቀስታ ጀመረች።

«አያ፣ አንቱ ስለማይሰሙ ለአንቱ ልናገረው። ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። እኔ አውቅ ነበር። ጥር ሲገባ ጥይቶቹን ትራሱ ሥር አገኘኋቸው። ያረጁ መሆናቸውን እኔ ምን አውቃለሁ? መልሼ አኖርኳቸው። የሄደ ለት በር ላይ ቆሜ አየሁት፣ ወዴት ነው አላልኩም። የባሌ ደም ይመለስ ብዬ ልጄን በእጄ ላክሁት። አንቱማ ቢሰሙ ኖሮ ያስቆሙት ነበር። አንቱን ይፈራል፣ አንቱን ይወዳል። አንዲት ቃል ከአንቱ ቢሰማ እግሩን አያነሳም ነበር። እግዜር ጆሮዎትን ባይነሳዎት ኖሮ ልጄ ዛሬ በቆመ።»

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ። መልስ አልጠበቀችም። እኔም ብዙ ጊዜ እንደማደርገው ራሴን ነቀነቅሁላት። «አይዞሽ፣ ያልፋል» አልኳት።

ይህችን ሴት ከዚያች ዕለት ጀምሮ እጠላታለሁ። ምንም አላደረገችኝም። ስታየኝ ደግ ሰው እንደምታይ አድርጋ ስለምታየኝ ነው የምጠላት። አንዳንዴ በምበላበት ሳህን ፊቷን ልላት እጄ ይነሳል። ሳህኑን ግድግዳ ላይ ወርውሬ ሰብሬዋለሁ፤ «ኀዘኑ ነው» ብላ ስብርባሪውን ለቀመችው።

የካቲት 19

ጾም ገባ። ዝናሽ ንስሐ ገብታለች። የልጇን ሞት በራሷ ላይ ቆጥራ ለንስሐ አባቷ ተናግራ፣ እሳቸውም እስከ ፋሲካ በየቀኑ ሁለት መቶ ስግደት ሰጥተዋታል። ይህን ስትነግር የሰማሁት ለጎረቤት ሴት ነው። «ያንሰኛል» አለች። ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ግራ ጉልበቷ ካበጠ ቆይቷል።

የእሷና የእኔ ንስሐ አባት አንድ ናቸው። ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ በር አገኙኝ። መስቀላቸውን አሳለሙኝና «አያሌው፣ አንተም ተጎድተሃል፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ፣ ጮክ ብለው። አፌን ከፈትኩ። ሰው ነበር፤ ሌላ ቀን ብዬ ዘጋሁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ እኔ ሆዴ ያውቃል።

የካቲት 27

ስግደቷ በግድግዳው በኩል ይሰማል። መጀመሪያ ጉልበቷ መሬት ይመታል፣ ቀጥሎ ሁለቱ መዳፎች፣ ቀጥሎ ግንባሯ። ከዚያ ስትነሳ ታቃስታለች። «እግዚኦ።» ደግሞ ጉልበቷ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ እቆጥራለሁ። መቶ አርባ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ እንደ በፊቱ አያርፍም፣ ትወድቃለች። ዝም ይላል። ሞተች ብዬ ተነስቼ እቆማለሁ። ደግሞ ትጀምራለች።

ዛሬ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ «ዝናሽ» ብዬ ተጣራሁ። ስግደቱ ቆመ። «አያ? ምን ፈለጉ?» ብላ ጮኸችልኝ። «ውሃ» አልኳት። በዚያ ጉልበቷ እያነከሰች አመጣችልኝ። ጠጣሁት።

መጋቢት 6

ኤሌኒ መጥታ ባሕር ዳር ይዛኝ ሄደች። ባለሙያዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብታ መረመረችኝ። ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ፣ ቀጭን ድምፅ፣ ሹክሹክታ። ሁሉንም በየተራው እጄን እያነሳሁ ነገርኳት። እሷ ፊት መደበቅ አልቻልኩም። «አባባ፣ ግሩም ነው! ሁሉንም እየሰሙ ነው፣ ጆሮዎ አሁን አያታልልዎትም» ብላ እጇን አጨበጨበች። ኤሌኒ ከደስታዋ የተነሳ አለቀሰች። «እንግዲህ ለዝናሽ ንገራት፣ ኀዘንተኛ ናት፤ የሚያጫውታት ሰው ትፈልጋለች» አለችኝ።

«ደብተሩስ?» አለች ባለሙያዋ።

«አይጥ በላው» አልኳት።

«ምንም አይደል። ለመዷቸው?»

«ለመድኳቸው።»

«ስንት ሰዓት ያደርጓቸዋል?»

«ቀኑን ሙሉ» አልኳት። ይህ እንኳ ውሸት አይደለም። ዝናሽ ስግደት የምትጀምረው ሊነጋጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ታበቃለች። እኔ ከዚያች ውሃ ወዲህ መስሚያዎቹን የማደርጋቸው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው።